ላቡን ያጣ ገላ

አበበ ቢቂላ ሲነሣ ሁላችንም እግሩን እናስባለን። ባዶ እግሩን፣ የሮምን ጥርብ ድንጋይ፣ የአክሱምን ሐውልት። እኔ ግን ዛሬ ስለ እግሩ ሳይሆን ስለ ላቡ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ነገሩ እንግዳ ቢመስላችሁ አትፍረዱብኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ዝቅ ስትሉ ታገኙታላችሁ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960)፣ በእኛ አቆጣጠር የዐውደ ዓመት ዋዜማ፣ የሮም ማራቶን የተጀመረው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ያ ሰዓት የተመረጠው የበጋውን ሐሩር ለመሸሽ ነው። ፀሐይ ጠለቀች፤ በጥንቱ የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆሙ፤ አበበም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። የሰዓቱ ምርጫ እንዲያው ለድምቀት የተደረገ አይደለም። የሚሮጥ ሰው ሰውነት ከሚያነደው ጉልበት ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል የሚለወጠው ወደ ሩጫ ሳይሆን ወደ ሙቀት ነው። ያ ሙቀት መውጫ ካጣ ሯጩን ከውስጥ ይቀቅለዋል። መውጫው ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ የማራቶን ሯጭም በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያልበው ይችላል። እንግዲህ አበበ የሮጠው በእግሩ ብቻ አይደለም፤ በቆዳውም ጭምር ነው። ቆዳው ባያልብ ኖሮ እግሩ ከግማሽ መንገድ ባላለፈ ነበር።

ከዚያ ድል ስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያው በሮም ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። 400 ያህል ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ገቡ። በኋላ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ጨዋታ ተብሎ የተቆጠረው ይህ ነው። የአበበን ድል ዓለም ሲያወራው የእነዚህን ሰዎች ውድድር ያየው ጥቂት ነበር። ሆኖም የሁለቱ ታሪክ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አንድ አልጋ ላይ ሊገናኝ ነው፤ ስለዚህ የጨዋታውን ጠንሳሽ በጥቂቱ ላስተዋውቃችሁ።

ሉድቪግ ጉትማን ይባላል። ጀርመን ተወልዶ፣ በአይሁድነቱ ተሳድዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ወደ እንግሊዝ የተሰደደ የነርቭ ሐኪም ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ በሆስፒታል ረዳትነት ሲያገለግል አከርካሪው የተሰበረ አንድ ብርቱ የማዕድን ቆፋሪ አምጥተው ከመጋረጃ ጀርባ አስተኙት። ሐኪሞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚሞት ነገሩት፤ ሞተም። የሚያስገርም አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ በግብፅ የተጻፈውና ዛሬ የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና ጽሑፍ፣ አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩ የራሱ መሆናቸውን መለየት ያቃተውን ሰው ከማይታከሙት ተርታ ያስቀምጠዋል። ይህ ፍርድ ሳይሻር ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ኖረ። ጉትማን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞችን ክፍል ሲከፍት ይግባኝ የጠየቀው በዚያ ጥንታዊ ፍርድ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለ ጉትማን ብዙ ተጽፏል፤ ሁሉም የሚያወሳው ግን ቀስቱንና ሜዳሊያውን ነው። እኔን የሚስበኝ ሌላ ነው። ሰውየው ገና ጀርመን ሳለ የላብ ተመራማሪ ነበር። ኪኒዛሪን የሚባል ዱቄት በሕሙማን ገላ ላይ ይነሰንስ ነበር። ዱቄቱ ደረቅ ሲሆን ፈዛዛ ነው፤ ላብ ሲነካው ወይን ጠጅ ይሆናል። ሕመምተኛውን ሞቅ ባለ ክፍል ያቆዩታል፤ ከዚያ ገላው ካርታ ይሆናል። ነርቩ ደኅና የሆነው ግዛት ወይን ጠጅ፣ ነርቩ የተቆረጠው ግዛት ደረቅ። ድንበሩ በገመድ የተለካ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ከጆን ሲልቨርና የደቡብ አፍሪካን የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች ሙቀት ካጠናው ከዊንደም ጋር ሆኖ፣ ኅብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው በሙቀትና በብርድ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን የሚያሳይ ጥናት አሳተመ። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ ጉዳቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሰውዬው የገዛ ራሱን ሙቀት ማስተዳደር ያቅተዋል፤ ሞቃት ክፍል ሲያስገቡት ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ሲያስገቡት ይቀዘቅዛል። እንደ እንሽላሊት።

አሁን ወደ አበበ ልመለስ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑን ሲነዳ መኪናው ተገለበጠ። በውስጡ እንደተያዘ አደረ፤ ያወጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። አንገቱ ተጎድቷል፤ ክንዶቹም እግሮቹም አይታዘዙም። ከሳምንት በኋላ በአውሮፕላን ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደ፤ ጉትማን ወዳቋቋመው ክፍል፣ የላብን ድንበር በወይን ጠጅ ቀለም ሲያሰምሩ ወደኖሩ ሰዎች ማለት ነው። ስምንት ወር ተኛ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በኋላ ክንዶቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

የዚያን ሌሊት ነገር ሳስብ፣ ሰው ሁሉ ስብራቱን ሲያይ እኔ ብርዱን አያለሁ። በደጋ አገር የመጋቢት ሌሊት ቀላል አይደለም። ደኅና ሰው ሲበርደው ቆዳው ላይ ያሉት የደም ሥሮች ይኮማተራሉ፤ ሙቀት ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ጡንቻው በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም እሳት ይሆነዋል። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ሃይፖታላመስ የሚባል፣ ከአንጎል ሥር ያለ ትንሽ አለቃ ነው። ትእዛዙ የሚወርደው በኅብለ ሰረሰር ነው። ወደ ላብ ዕጢዎችና ወደ ደም ሥሮች የሚሄዱት ነርቮች ከኅብለ ሰረሰሩ የሚገነጠሉት ከደረት መጀመሪያ እስከ ወገብ መጀመሪያ ባለው ክፍል ነው። ገመዱ አንገት ላይ ከተበጠሰ አለቃው ከነሙሉ አእምሮው በመንበሩ ተቀምጦ የሚሰማው ሎሌ ያጣል። መልእክቱ ከታች ወደ ላይም አይመጣም፤ እግሩ በረዶ ሲሆን አለቃው ወሬውን አይሰማም።

ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ ብዬ ነበር፤ እነሆ፣ ወደ መርካቶ ልውሰዳችሁ። እኔ የዱባይ ተራ ነጋዴ ነኝ። ልብስ እሸጣለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከክፍለ አገር ስመለስ የተሳፈርሁበት መኪና ተገለበጠና ከደረቴ መሃል በታች ያለው ገላዬ ከእኔ ተለየ። የእኔ ድንበር ከጡቴ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በላይ አልባለሁ፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ ይኮሰኩሰኛል። ከዚያ በታች ምንም የለም። በደርግ ጊዜ ሠራተኛውን ላብ አደር ይሉት ነበር፤ እንዲህ ከሆነ እኔ ከደረቴ በታች ከመደቡ የተባረርሁ ነኝ እያልሁ ከጓደኞቼ ጋር እሥቃለሁ።

የአዲስ አበባ አየር ለሙቀት የሚታማ አይደለም። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በሚያዝያ እንኳ ለደኅና ሰው ደስ ትላለች። ዱባይ ተራ ግን የራሱ አየር አለው። ስሙን ያገኘው ከዱባይ በሚመጣው ዕቃ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዕቃው ጋር በረሃውንም ጠቅልለው ያመጡት ይመስለኛል። ሱቆቹ የአንድ ሰው ክንድ ቢዘረጋ ግድግዳ ለግድግዳ የሚነኩ ናቸው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በመተላለፊያው ላይ የተወጠረው ሸራ፣ እስከ ኮርኒሱ የተደረደረው ልብስ፣ የሚተላለፈው ሕዝብ፣ የተሸካሚው ትንፋሽ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ጊዜ ምድጃ ያደርገዋል። ጎረቤቴ ግንባሩን በመሐረብ ጠርጎ ሥራውን ይቀጥላል። እኔ አልችልም። ፊቴና ትከሻዬ ውሃ ያወርዳሉ፣ ሆዴና እግሬ ግን እንደ ጋለ ምጣድ ደረቅ ናቸው። ከላይ ያለው ጥቂት ቆዳ የመላውን ገላ ሙቀት ማውጣት አይሆንለትም። መጀመሪያ ራሴን ይወቅረኛል፤ ቀጥሎ ዐይኔ ይፈዝዛል፤ ከዚያ የሒሳብ ነገር ይጠፋብኛል። ለነጋዴ የመጨረሻው ምልክት በቂ ነው።

አንድ የሚያዝያ ቀን እንዲህ ስሆን፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ቡና የምታፈላው እኅታችን አየችኝ።

«ኧረ ወንድሜ! ምች ነው የመታህ! ዳማከሴ ፈልጉለት! ጋቢ ደርቡለት፣ ላቡ ይውጣ!»

ጋቢውም መጣ። ከሴትየዋ ደግነት ጋር የሚስተካከል ደግነት መርካቶ ውስጥ አላውቅም፤ ነገር ግን ያቺን ሰዓት ጋቢው ቢደረብብኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምትደርሱበት አይመስለኝም። «እትዬ፣ ላቡ የሚወጣበት በር ተዘግቷል፤ ውሃ አፍስሽብኝ» አልኋት። ግራ ገባት፤ ግን የጀበናውን ውሃ የምትቀዳበትን ጀሪካን አንሥታ እጭኔ ላይ ደፋችው። ቆይቶም አንዱ ተሸካሚ በካርቶን ያራግብልኝ ጀመር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሒሳቤ ተመለሰልኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። በአገራችን ሕክምና ትኩሳት የሚለቅቀው በላብ ነው። ምች የመታውን ዳማከሴ ጨምቀው ያጠጡታል፣ ያሸቱታል፤ ጉንፋን የያዘውን የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተው ጋቢ ከናንበው በእንፋሎቱ ያጥኑታል። ሰውዬው ሲያልበው «እፎይ፣ ለቀቀው» ይባላል። ይህ እውቀት ሐሰት አይደለም። ደኅና ሰው ትኩሳቱ ሲበርድ በእርግጥ ያልበዋል፤ እናቶቻችን ያዩትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን ያዩት ገላ ኅብለ ሰረሰሩ ያልተቆረጠውን ነው። ኅብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው በእነዚያ ሁሉ ዘመናት ከጥቂት ሳምንት በላይ ስላልኖረ የእርሱን ጠባይ ለማጥናት ጊዜ ያገኘች እናት አልነበረችም። እኛ አዲስ ሕዝብ ነን። ገና ባህል አልወጣልንም። ስለዚህ እንፋሎቱም ጋቢውም ላብ ለሚያውቅ ገላ መድኃኒት፣ ላቡን ላጣ ገላ ግን እሳት ላይ እሳት ነው። በአንጻሩ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ቀዝቃዛ ጠበል ለመጠመቅ ወደ ተራራ የሚወስዱን ዘመዶች አሉ፤ እምነቱን የሚነካ ቃል አይወጣኝም፤ ከጠበሉ በኋላ ግን ቶሎ አድርቆ ደረቅ ልብስ ማልበስ የሚገባ ነው፤ ገላችን ተንቀጥቅጦ መሞቅ አያውቅምና።

ብርዱ ከሙቀቱ የሚብሰው በሌላ ነገር ነው። ሙቀት ሲገድል ይጮኻል፤ ብርድ ግን በጸጥታ ይገባል። ከዚያም ያሞቁሃል ተብለው የሚመጡት ነገሮች ራሳቸው ጠላት ናቸው። በፕላስቲክ ኃይላንድ የተሞላ ፍል ውሃ እግር ሥር ይቀመጣል፤ እግሩ አይሰማም፤ ሲነጋ ቆዳው ተልጧል። የከሰል ምድጃም እንዲሁ። ለዚህ ነው ሐኪሞች ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ሙቀት በእጅ ወይም በክርን ሳይለካ ወደ እግሩ አይቅረብ የሚሉት።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ነው የአበበ የኖርዌይ ጉዞ ታሪክ ሌላ ሆኖ የታየኝ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1971 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በክብር እንግድነት ወደ ኖርዌይ ተጠራ። እንግዳ ሆኖ መቀመጥ አልሆነለትም፤ በበረዶ ላይ በተካሄደው የሸርተቴ ውድድር ገብቶ 16 ተወዳዳሪዎችን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸነፈ። ጋዜጦች ጀግና ልቡን አደነቁ። ልቡስ ልቡ ነው፤ አልከራከርም። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ በረዶ ላይ ተቀምጦ የቆየው፣ መንቀጥቀጥ የማያውቀውና ጣቱ ሲደርቅ የማይነግረው የታችኛው ገላው ነው። ሮም ላይ ሙቀቱን ያስወጣለት ገላ፣ ኖርዌይ ላይ ሙቀቱን የሚይዝለት አልነበረም። ሙቀቱ የመጣው ከሁለት ክንዱ ሥራና ከደረበው ልብስ ብቻ ነው። ለእኔ ከሮም ድል የማያንስ ድል ይህ ነው፤ አንዳንዴም ይበልጥብኛል።

ዛሬ በፓራሊምፒክ መድረክ አንገታቸው የተጎዳ ተጫዋቾች በጨዋታ መካከል ፊታቸው ላይ ውሃ ሲረጩ፣ በረዶ የተሞላ ሰደርያ ሲለብሱ በቴሌቪዥን ይታያሉ። እኔም በእነርሱ መንገድ እሄዳለሁ፤ በመርካቶ አቅም። የበረዶ ሰደርያዬ እርጥብ ነጠላ ነው፤ አንገቴና ጭኔ ላይ ጣል አደርገዋለሁ። ሰው ሠራሽ ላቤን የምሠራው ፀጉር ቤቶች በሚጠቀሙበት የውሃ መርጫ ነው፤ በየሩብ ሰዓቱ ክንዴና እግሬ ላይ እረጫለሁ፣ በትንሿ ማራገቢያ አደርቀዋለሁ። ውሃው ሲተን ልክ ላብ እንደሚያደርገው ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቆዳ የማን ውሃ እንደሆነ አይጠይቅም። በሚያዝያና በግንቦት ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁን ለወንድሜ ልጅ ትቼ ወደ ሕንፃው ምድር ቤት እወርዳለሁ። ገበያ እንደሚያመልጠኝ አውቃለሁ።

ቴርሞሜትር ከኪሴ አይለይም። የእኔ የጠዋት ሙቀት 36 ነው፤ ስለዚህ ሌላው ሰው ጤና የሚለው 37 ተኩል ለእኔ ወሬ ነው። ዋናው ፈተና ግን ሙቀቱ ከውጭ የመጣ ነው ወይስ ከውስጥ የሚለው ነው። ጥላ ውስጥ ገብቼ፣ ውሃ ረጭቼ፣ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ከወረደ የቆርቆሮው ነው። ካልወረደ ሌላ ነገር አለ። የሽንት ፊኛ ሲመረቅዝ ደኅና ሰው ያቃጥለዋል፤ እኔን አያቃጥለኝም። ብዙ ጊዜ ዋናው ምልክቱ ያ ሙቀት ነው። «ምች ነው፣ ያልፋል» ተብሎ በቤት የሚቆይ ሰው ደሙ ተመርዞ ሊሞት ይችላል። ባለፈው ዓመት ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወድቆ እንደ እኔ የሆነ አንድ የሰፈራችን ልጅ ጋ ስሄድ በመጀመሪያ የሰጠሁት ቴርሞሜትር ነው። እናቱ ብርቱካን ባመጣ ይሻል ነበር ሳይሉ አልቀሩም። አሁን ግን ጠዋትና ማታ እየለኩ በደብተር የሚጽፉለት እርሳቸው ናቸው፤ ዳማከሴውንም አልተውትም፤ ለሽታው ብቻ ነው ይላሉ።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገባ ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ አንጎሉ ውስጥ በፈሰሰ ደም አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። ሞቱ ከአደጋው መዘዝ ጋር የተያያዘ ነበር። ዕድሜው 41 ነበር።

ጥቅምት የደገኛ ብርድ የሚጀምርበት ወር ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ ሥጋ የበላ ሰው ከውስጥ ይሞቃል ለማለት። አጥንቱን እበላለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ካልሲ፣ የሱፍ ሱሪና ጋቢ እደርብበታለሁ፤ የዱባይ ተራ ሱቄንም ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሞቅ ሳታደርገው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል በፊት አልከፍትም።